የጓደኛዬ አበባ፣ የአኮ ተስቢህ፣ የእናቴ መቁጠሪያ፦ የሚገናኙት ላይ ላዩን ነው ወይስ ከሥሩ?

የሄርማታዋ

ሰላም እንዴት ናችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

የጅማ ልጅ ነኝ። ሄርማታ ነው ያደግሁት፣ አሁንም እዚያው ነኝ። እምነቴ ኦርቶዶክስ ነው። አገሬ ከመመለሴ በፊት ቤይሩት ሰው ቤት እሠራ ነበር። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ስሪላንካዊት ነበረች። ቡድሂስት ናት። የምንተኛው ከኩሽናው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ነው፤ የምንግባባው በተሰባበረ ዓረብኛ። እንዲህ ባለ ቦታ የአንዱ ጸሎት ከሌላው አይደበቅም።

ማታ ሥራ ሲያልቅ በረንዳው ላይ ካለው ያስሚን ሁለት ሦስት አበባ ትቀጥፋለች። በትንሽ ሳህን አድርጋ ከቡድሃ ስዕል ፊት ታኖረዋለች። ከዚያ እጆቿን አጋጥማ በጥንቱ የመጽሐፋቸው ቋንቋ፣ በፓሊ፣ ቀስ ብላ ታነበንባለች። አንድ ማታ ምን እያለች እንደሆነ ጠየቅኋት። «ይህ አበባ እንደሚጠወልግ የእኔም ገላ እንዲሁ ይጠፋል እያልኩ ነው» አለችኝ።

ይህን ነገር አውቀዋለሁ። እናቴ ዳዊት ስትደግም እየሰማሁ ነው ያደግሁት። «ሰውስ ዘመኑ እንደ ሣር ነው፤ እንደ ዱር አበባ እንዲሁ ያብባል» ይላል መዝሙር 102፣ በሌላው አቆጣጠር 103። ጅማ ከተመለስኩ በኋላ ደግሞ ረመዳን ላይ ጎረቤታችን አኮ ዘንድ ቁጭ ብዬ የልጅ ልጃቸው ቁርኣን ቀርቶ ሲተረጉምላቸው ሰማሁ። (አኮ የምላቸው እንደ አያት ስላሳደጉኝ ነው፤ የሥጋ ዝምድና የለንም።) ሱረቱል ሐዲድ፣ አንቀጽ 20 ነው። የዚህ ዓለም ሕይወት ዝናብ እንዳበቀለው ቡቃያ ነው፤ ገበሬውን ያስደስተዋል፣ ከዚያ ይደርቃል፣ ቢጫ ሆኖ ይታያል፣ በመጨረሻም ይሰባበራል ይላል። አኮ አንገታቸውን ደፍተው ሲያለቅሱ አየኋቸው።

ሦስቱም ሞትን የሚያስታውሱት በሚጠወልግ ነገር ነው። እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ የሚቀጥለው ነው። ጓደኛዬ አበባውን ካኖረች በኋላ ሕያዋን ሁሉ ደኅና ይሁኑ፣ ከጭንቅ ይዳኑ ትላለች። መጀመሪያ ራሷን፣ ቀጥላ እናቷን፣ ቀጥላ እኔን ትጠራለች። በመጨረሻ ማዳሟን ትጠራለች። ደመወዛችንን ለወራት የያዘችብንን፣ ፓስፖርታችንን የቆለፈችብንን ሴትዮ ማለት ነው። «ጠላቶቻችሁን ውደዱ» የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። ሰው ጨክኖ በየማታው ሲያደርገው ያየሁት ግን እዚያች ክፍል ውስጥ ነው።

ሌላም ብዙ አለ። የእሷ መቁጠሪያ 108 ፍሬ ነው። የእናቴ 64 ነው፤ በእመቤታችን ዕድሜ ልክ። የአኮ ተስቢህ 33። ጓደኛዬ ሙሉ ጨረቃ በሆነ ቀን፣ ፖያ ይሉታል፣ አገሯ እያለች ነጭ ለብሳ ቤተ መቅደስ ትውላለች፤ ከእኩለ ቀን በኋላ እህል አትቀምስም። በ2017 ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲገቡ ሰፈራችን እንዴት እንደነበረ የጅማ ሰው ያስታውሳል። ቀን ጭስ የሚወጣበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ይቸግር ነበር። እሷም ብትኖር ኖሮ ከእኛ ጋር ትውል ነበር ብዬ አሰብኩ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። በቀደም ቬሳክ የሚሉት በዓላቸው ነበር። ቡድሃ የተወለደበትን፣ የበራለትንና ያረፈበትን በአንድ ቀን ነው የሚያስቡት። ፎቶ ላከችልኝ። መንገድ ዳር ድንኳን ጥለው ላለፈ ላገደመው ሁሉ ምግብ በነጻ ያበላሉ፤ ደንሰል ይባላል። ልጄ ፎቶውን አየችና «እማ፣ ሰደቃ ነው?» አለችኝ። እናቴ ደግሞ «ዝክር ነው እንጂ» አለች። ቡና ላይ የነበረ አንድ ዘመዳችን ግን ተቆጣ። «ጣዖት የሚያመልክ ሰው ምን ዝክር አለው፣ ልጅቷን አታሳስቷት» አለ። ሌላዋ ደግሞ ልታበርድ ብላ «ተዉት፣ ሃይማኖት ሁሉ አንድ ነው» አለች።

ሁለቱም አልተዋጠልኝም። የመጀመሪያው በዓይኔ ያየሁትን ይክዳል። ሁለተኛው ደግሞ የእናቴንም የአኮንም የጓደኛዬንም እምነት ያቀለዋል፤ ሦስቱም አንድ ነን አይሉም። የት ድረስ ነው አብረው የሚሄዱት? የት ነው የሚለያዩት? ልጄ ዐሥር ዓመቷ ነው። የምነግራት ነገር እውነት እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ከጅሬን ግርጌ

ሰላም እህቴ። ቤቴ ጅሬን፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወረድ ብሎ ነው። ልጆች ቁርኣን አስቀራለሁ። ዕድሜዬም ገፋ ብሏል፤ እንደ አባት ስሚኝ።

የማዳሟን ነገር ሳነብ ቆም አልኩ። ሱረቱ ፉሲለት 34 ላይ አላህ መልካምና ክፉ እኩል አይሆኑም፣ ክፉውን በተሻለው መልሰው፣ ያኔ ጠላትህ የነበረው እንደ ቅርብ ወዳጅ ይሆንልሃል ይላል። ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማል። ቀጣዩ አንቀጽ ግን ይህን ጠባይ የሚያገኙት የታገሡት ብቻ ናቸው ይላል። ስለዚህ በአንድ ማታ የሚገኝ አይደለም ማለት ነው። ጓደኛሽ በየማታው የምትደጋግመው ለዚህ ይመስለኛል።

እኛ ነፍሲያ የምንለው አለ። ሰው ቢጠግብም አይጠግብም፤ ቢከበርም ይብሰዋል። ሱረቱ ሸምስ ነፍሱን ያጠራት ዳነ፣ ያቆሸሻት ከሰረ ይላል። ቡድሂስቶች የመከራ ሥሩ ምኞት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። መድኃኒቱ ላይ እንለያይ ይሆናል እንጂ በሽታው ላይ አንጣላም።

በእኛ አካባቢ ቲጃኒያ የሚባለውን የሱፊዎች መንገድ የያዘ ሰው ብዙ ነው። አባቴ ዊርዱን፣ ማለትም የየዕለቱን ዚክር፣ ሳይጨርስ ሰው አያናግርም ነበር። አስተግፊሩላህ 100፣ ሰለዋት 100፣ ላ ኢላሃ ኢለላህ 100። መጀመሪያ ምሕረት፣ ከዚያ በነቢዩ ላይ ሰላት፣ ከዚያ የአላህን አንድነት መመስከር። ቅደም ተከተሉ በከንቱ አይደለም፤ ልብ ሳይታጠብ ምስክርነት አይገባውም። አል ፋኪ አሕመድ ዑመር የሚባሉት ሸኽ፣ በፈረንጆች 1953 ያረፉት፣ ይህን መንገድ በእኛ አገር ብዙ አስፋፍተዋል። የጅማ ሰው እስከ ዛሬ ወደ መቃብራቸው ወደ ያአ ለዚያራ ይሄዳል። በእኔ ልጅነት በእግር የሚሄዱ ሽማግሌዎች ነበሩ።

ሕያዋን ሁሉ ስላልሽው ደግሞ ቡኻሪ የዘገበው ሐዲስ አለ። አንድ መንገደኛ ከጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ አጠጣ፤ አላህ ማረው። ሰሓባዎቹ በእንስሳም ምንዳ አለን ብለው ጠየቁ። ነቢዩም ነፍስ ባለው ሁሉ ምንዳ አለ አሏቸው።

አንድ ነገር ግን አልደብቅሽም። ስዕል ፊት አበባ ማኖር ለእኛ አይሆንም። ተውሒድ ላይ፣ በአላህ አንድነት ላይ ማለቴ ነው፣ ድርድር የለም። ይህን ብዬሽ ሳበቃ፣ በጓደኛሽ ላይ መፍረድ የእኔ ሥራ አይደለም። ሱረቱ ጋፊር 78 ከመልእክተኞች ውስጥ ለነቢዩ የተተረኩም ያልተተረኩም እንዳሉ ይናገራል። ቡድሃ ከእነሱ አንዱ ነው አልልም። አይደለም ብዬም አልምልም።

የአብነት ተማሪ የነበረ

እህቴ፣ ይህ ጥያቄ ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አዲስ አይደለም። በግዕዝ «በረላም ወይዋስፍ» የሚባል መጽሐፍ አለን። ታሪኩ የሕንድ ነው። አንድ ንጉሥ ልጅ ይወልዳል። ኮከብ ቆጣሪ ልጁ ክርስቲያን እንደሚሆን ይነግረዋል። ንጉሡም ልጁ በሽታን፣ እርጅናን፣ ሞትን እንዳያይ በቤተ መንግሥት አጥሮ ያሳድገዋል። ልዑሉ ይዋስፍ አንድ ቀን ይወጣል። በሽተኛ ያያል። ዕውር ያያል። ከዚያ ጎብጦ ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ ያያል። ሁሉም ሰው እንዲህ ይሆናል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድሎት አይጥመውም። በረላም የሚባል ባሕታዊ ነጋዴ መስሎ፣ የከበረ ዕንቁ ላሳይህ ብሎ ይገባና ወንጌልን ያስተምረዋል። ይዋስፍ መንግሥቱን ትቶ ይመንናል።

ይህ የማን ታሪክ እንደሆነ ጓደኛሽን ብትጠይቂያት ወዲያው ትነግርሻለች። የቡድሃ ሕይወት ነው። ተመራማሪዎች ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ይህን አረጋግጠዋል። ከሕንድ ወደ ፋርስ መጣ። ሙስሊሞች በዓረብኛ ጻፉት። ከዓረብኛ ጆርጂያውያን ተቀበሉት፣ ከእነሱ ወደ ግሪክ ተሻገረ፣ ከዚያም አውሮጳን ሞላ። ወደ እኛ የገባው ግን በዓረብኛ በኩል ነው። ከዓረብኛ በቀጥታ ወደ ግዕዝ የተረጎሙት የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ አባ ዕንባቆም ናቸው፤ በፈረንጆች 1553፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን። አባ ዕንባቆም ከየመን የመጡ፣ ሙስሊም የነበሩ ሰው ናቸው። ለኢማም አሕመድ «አንቀጸ አሚን» የሚባለውን የእምነት ክርክር የጻፉትም እሳቸው ናቸው። እንግዲህ አስቢው። ሃይማኖት አንድ ነው የሚሉ ሰው አልነበሩም፤ በጦርነት መካከል ለእምነታቸው የተከራከሩ ናቸው። ያው ሰው በሙስሊሞች ቋንቋ የመጣውን የሕንዱን ልዑል ታሪክ ለመነኮሳት ይጠቅማል ብለው ተረጎሙት።

ልዩነቱንም ልብ በዪ። በእኛ መጽሐፍ ልዑሉ በመጨረሻ የሚያገኘው ክርስቶስን ነው፤ ይጠመቃል። መንገዱ እስከ ቤተ መንግሥቱ በር ድረስ አንድ ነው። ከበሩ ከወጣ በኋላ ወዴት ሄደ የሚለው ላይ ነው የሚለያየው።

ማር ይስሐቅን ደግሞ ሳልጠቅስ አላልፍም። መጽሐፉ ከሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ ነው። እሱ ራሱ የ7ኛው መቶ ዓመት ሰው ነው፤ የተወለደው በዛሬዋ ኳታር አካባቢ ነው። የሚራራ ልብ ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ስለ ፍጥረት ሁሉ የሚቃጠል ልብ ነው አለ። ስለ ሰው፣ ስለ ወፎች፣ ስለ እንስሳት፣ ስለ አጋንንት ሳይቀር። ሲያስባቸው ዓይኑ እንባ ያፈሳል፤ ለሚጎዱትም ይጸልያል። ማዳሟ እዚህ ውስጥ አለች።

እኛም «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ የምንለው አንዱ ስላልተሰማ አይደለም። አርባው ላይ ሐሳባችን ገበያ ለገበያ ይዞራል። አንዱ ላይ ቢገኝ ትልቅ ነገር ነው።

ፍልስፍና ያስተማርኩ

ስለ ጣዖቱ ብቻ አጭር ነገር ልበል። የስሪላንካው ቡድሂዝም ቴራቫዳ ይባላል። በዚያ ትምህርት ቡድሃ አምላክ አይደለም፣ ዓለምንም አልፈጠረም። በ29 ዓመቱ ከቤት ወጥቶ፣ በ35 ዓመቱ በርቶለት፣ በ80 ዓመቱ የሞተ ሰው ነው። አበባው አክብሮትና ማስታወሻ ነው። በሕዝቡ ዘንድ ከዚህ ያለፈ ልመና የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ። ትምህርቱ ግን ይህ ነው።

አምስቱን ትእዛዞቻቸውን ለልጅሽ ብትነግሪያት አትደነግጥም። ነፍስ አታጥፋ፣ አትስረቅ፣ በዝሙት አትሂድ፣ አትዋሽ፣ የሚያሰክር አትጠጣ። አራቱን ከእናትሽ፣ አምስተኛውን ከአኮ ሰምታዋለች። የቡድሃ ቃሎች በተሰበሰቡበት መጽሐፍ፣ በዳማፓዳ፣ አምስተኛው ስንኝ ደግሞ ጥላቻ በጥላቻ አይበርድም፣ ጥላቻ በሌለበት ብቻ ይበርዳል ይላል። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ምዕራፍ 12 መጨረሻ ላይ ክፉውን በመልካም አሸንፍ ይላል። ኡስታዝ ከጠቀሱት ጋር አስተያዪው።

ትልቁ ልዩነት ነፍስ ላይ ነው። ክርስትናም እስልምናም ነፍስ ፈጣሪዋ ፊት ትቆማለች ይላሉ። ቡድሂዝም «እኔ» የምንለው የማይለወጥ ነገር ከነጭራሹ የለም ይላል። ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም፤ መሸፋፈን የለበትም።

ጸጋው ይበቃኛል

እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ያደግሁት አጋሮ ነው። የእህታችንን ታሪክ ወድጄዋለሁ። ግን ሁላችሁም የተናገራችሁት ሰው ስለሚያደርገው ነገር ነው። መቁጠር፣ መጾም፣ ማሰብ፣ መታገሥ። የወንጌል ልብ እዚያ አይደለም። «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና፤ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም» ይላል ኤፌሶን 2፥8። ቡድሃ ሊሞት ሲል ለደቀ መዛሙርቱ ራሳችሁ ለራሳችሁ መጠጊያ ሁኑ እንዳላቸው አንብቤአለሁ። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ። ለራሴ መጠጊያ መሆን አልችልም። ሱስ ውስጥ የነበርኩ ሰው ነኝ፤ ያወጣኝ የራሴ ጉልበት አይደለም።

ይህን የምለው ጓደኛሽን ለማቃለል አይደለም። ለማዳሟ የጸለየችው ነገር እኔን አሳፍሮኛል፤ ይቅር ያላልኩት ሰው አለ። ግን ለልጅሽ ስትነግሪያት ይህንንም ንገሪያት። የሚድነው ራሱን ያጠራ ነው ወይስ ምሕረት ያገኘ? እዚህ ላይ መልሱ አንድ አይደለም።

የሄርማታዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ኡስታዝ፣ ለአኮ አነበብኩላቸው። «አላህ ዕድሜ ይስጠው» ብለውዎታል፤ የውሻውን ሐዲስ ከእኔ ቀድመው ጨረሱት።

ጸጋው ያልከው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ስለዚህ ለጓደኛዬ ደወልኩላት። ስትጨነቂ ማንን ነው የምትጠሪው ብዬ ጠየቅኋት። «የምንጠራው የለም። እሱ መንገዱን አሳየን፤ የምንሄደው እኛ ነን» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቅሬታ የለም፤ እንደምታውቀው ነገር ነው የተናገረችው። እኔ ግን እንደዚያ መሆን አልችልም። ውሌ ሳልፈልግ በተራዘመ ጊዜ መሬት ላይ ተደፍቼ «እግዚኦ» እያልኩ ነው ያደርኩት። ሰሚ አለ ብዬ ነው የጮህኩት፤ ዛሬም የማምነው ይህንኑ ነው። አኮም ያው ናቸው፤ «ያ ረቢ» ሳይሉ ከወንበራቸው አይነሡም። እንግዲህ መለያያችን እዚህ ጋ ነው፦ ማንን እንጠራለን የሚለው ላይ። እኔና አኮ እንጠራለን፣ እሷ ትሄዳለች።

መገናኛችን ደግሞ ሌላ ቦታ ነው። ያን ሌሊት እኔ ስጮህ አጠገቤ ቁጭ ብላ ነበር። አልጠራችልኝም። ጀርባዬን ይዛ ትተነፍሳለች፤ እኔን እያሰበች ደኅና ትሁን ትላለች። «እኔ፣ እኔ» የሚለውን ነገር ወደ ጎን አድርጎ ለሌላው ቦታ መልቀቅን ሦስቱም ያስተምራሉ። ይህ ላይ ላዩን ነው የሚለኝ ሰው ካለ አልቀበለውም። ሰው ቤት ሠርቶ የደከመው ሰው በሌሊት ለሌላ ሰው መንቃቱ ከላይ የሚሆን ነገር አይደለም።

ለልጄም እንዲሁ ነገርኳት። የአክስትሽ እምነት የእኛ አይደለም፣ ፈጣሪ አለ ብላ አትጸልይም፣ እኛ ግን እንጸልያለን አልኳት። ክፉ ላደረገባት ሰው መልካም መመኘትን ግን ከእሷ ተማሪ አልኳት። «ታዲያ እኛ እንጸልይላታ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ማታ ስሟ ይጠራል። ዘመዳችን ይህን ሲሰማ ዝም አለ፤ አልተቆጣም።

መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ማር ይስሐቅን እንደ እኔ ያለ ተራ ምእመን ማንበብ ይችላል? ግዕዝ አላውቅም።

የአብነት ተማሪ የነበረ

ይቻላል። ግዕዙ ከነአንድምታው፣ ከነትርጓሜው ማለት ነው፣ ታትሟል፤ አንድምታው አማርኛ ነው። አማርኛው የጥንት ስለሆነ መጀመሪያ ይከብድሻል። የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት መሸጫ ጠይቂ፤ ከሌላቸው ከአዲስ አበባ ያስመጡልሻል። ለመነኮሳት የተጻፈ ስለሆነ ስለ ጾምና ስለ ብቸኝነት የሚለውን ሁሉ እንዳለ በራስሽ ላይ አትጫኚው፤ ቤትና ልጅ አለሽ። የንስሐ አባትሽን አማክሪ። በቀን አንድ ገጽ ይበቃል።

ከጅሬን ግርጌ

እህቴ፣ የአኮን ዱዓ ተቀብያለሁ። ሰፈሬ ሩቅ አይደለም፤ አንድ ቀን መጥቼ እጠይቃቸዋለሁ በያቸው። ያ የልጅ ልጃቸው ሐዲድን ከጨረሰ ቀጥሎ ፉሲለትን ይቅራላቸው።